የወንድ ሴት ገብቷል

መቀሌ በገባሁ በሦስተኛው ቀን፣ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ውስጥ ባልዲና ምንጣፍ ስፈልግ፣ አንድ ልብስ ቤት በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት አስቆመኝ። በእጅ የተጻፈ ነው። ጸሐፊው በሰማያዊ እስክሪብቶ ጀምሮ መሃል ላይ ቀለም ሲያልቅበት በቀይ ጨርሶታል። «የወንድ ሴት ገብቷል» ይላል።

አንድ ጊዜ አነበብሁት። መነጽሬን ጠርጌ ደገምሁት። የመጣሁት ከደሴ ነው፤ ደሴ የንግድ ከተማ ናት፣ የማይገባባት ዕቃ የለም። ወንድ ሲገባ አይቻለሁ፣ ሴት ስትገባ አይቻለሁ፤ የወንድ ሴት ሲገባ ግን አላየሁም። ይበልጥ ያሳሰበኝ ደግሞ «ገብቷል» የምትለዋ ናት። ሴት ከሆነች «ገብታለች» ማለት ነበረበት። ወንድ ከሆነ «ገብቷል» ልክ ነው፤ ታዲያ ሴትነቱን የት ጥሎት ገባ? የሰዋስው አስተማሪ ቢያልፍ እዚያው በር ላይ ያለቅስ ነበር።

ባለሱቁ ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው። «ግባ ሓወይ፣ ግባ» አለኝ።

«ይኼ የወንድ ሴት የምትሉት የታለ?»

«ይኸው!» ብሎ ከመደርደሪያው አንድ ላስቲክ አወረደ። ጥቁር ጃኬት፣ ጥቁር ሱሪ፣ በጎኑ ነጭ መስመር የወረደበት።

«ቱታ ነዋ!»

«ቱታማ የድሮ ነው» አለ፣ በአሮጌነቴ እያዘነልኝ። «ይኼ ሴት ነው። ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት።»

«ሱሪውን ብቻ ብወስድስ?»

«አይሆንም። ሴት አንበትንም።»

ይህን ያለው በጣም በቁም ነገር ነው። ትዳር የሚያስታርቅ ሽማግሌ እንኳ እንደዚያ ረግጦ አይናገርም። «የሴትስ አላችሁ?» አልሁት፣ ነገሩን ወዴት እንደሚወስደው ለማየት።

«የሴት ሴት ገና ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ይገባል።»

ባልዲዬን ሳልገዛ ተመለስሁ።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ልጁ ቀልድ አልጻፈም። በትግርኛ ሴት «ሰበይቲ» ናት፤ ሲበዙ «ኣንስቲ» ይባላሉ። ስለዚህ «ሴት» የሚለው ድምፅ በትግርኛ ባለቤት የሌለው ወንበር ነው፤ የእንግሊዝኛው ቃል መጥቶ ቢቀመጥበት ተነሥ የሚለው የለም። በአማርኛ ግን ወንበሩ ላይ እናቶቻችን ተቀምጠዋል። ልጁ በትግርኛ አስቦ፣ በእንግሊዝኛ ሰይሞ፣ እንደኔ ላለው መጤና ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ እንዲገባው ብሎ በአማርኛ ለጠፈው። ሦስት ቋንቋ በአንድ ወረቀት አሳልፏል፤ የጎደለው የሚስቅለት ሰው ብቻ ነው።

ቀዳማይ ወያነ ከመቀሌ ሰባት ክፍለ ከተሞች አንዱ ነው፤ ስሙን ያገኘው በ1935 ዓ.ም. ከተነሣው የትግራይ ገበሬዎች አመፅ ነው። እኔ የኖርሁበት ጊዜ 2009 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ በኋላ በዚያች ከተማ ላይ የወረደው ለወግ አይመችም፤ እኔም የማወራው ስለዚያ ጊዜ ብቻ ነው፤ ትልቁ ጭንቀቴ አንዲት ባለ ሁለት ፊደል ቃል ስለነበረችበት ጊዜ።

ጆሮ አንዴ ከተነካ አይድንም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበያው በሙሉ ስለ ሴት የሚያወራ መሰለኝ። ዕቃ ቤት ስገባ «የሻይ ሴት ነው ወይስ የቡና ሴት?» ይሉኛል። ቤት ዕቃ የሚሸጠው ነጋዴ «ይቺ የሶፋ ሴት ትከብዳለች፣ ለአራት ሰው ነው የምትነሣው» ይላል። ሕፃን ያቀፈች እናት «የአራስ ሴት» ትጠይቃለች፤ ቆብ፣ ካልሲ፣ ሹራብ ማለቷ ነው። ወርቅ ቤቱ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። የሙሽራ ወገኖች ከነሽማግሌው ተሰብስበው፣ አንገት፣ ጆሮና ጣት የሚሸፍነውን ጌጥ «ሙሉ ሴት» ብለው ያስመዝናሉ። ሚዛኑ ላይ የምትወጣው ሴት በግራም ትለካለች፤ ከጎን የቆመችው ሙሽራ ግን አትመዘንም። አንዱ የወንድ ወገን ዋጋው ሲነገረው «ግማሽ ሴት አይበቃም?» ብሎ ሲጠይቅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ የሙሽራዋ አክስት ያየችው አስተያየት እስካሁን ፊቴ ላይ አለ።

ሰፈራችን ውስጥ ቤት የሚሠራ ጎረቤት ነበረን። መቀሌ አጠገቧ መሰቦ የሚባል የሲሚንቶ ፋብሪካ ስላላት ኮንክሪት የማያውቅ ሕፃን የለም። ፎርማኑ ጠዋት ጠዋት «ሴት ሳያደርግ ቶሎ በሉ!» እያለ ይጮኻል፤ ሲሚንቶው ሳይጨብጥ ማለቱ ነው። መሐንዲሱ ሲመጣ ደግሞ «ሴት ባኩ ጎድሏል» ብሎ ይቆጣል፤ ከመንገዱ ሊራቅ የሚገባው ቦታ ማለት ነው። እኔ ራሴ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቢሮ ገብቼ ቀኑን ሙሉ የምቆጥረው አሴት ነው። ማታ ሬዲዮ ስከፍት ስለ መረብ ኳስ ያወራል፤ አንዱ ቡድን ሌላውን «ሦስት ሴት ለአንድ» አሸንፏል። ጣቢያ ስቀይር አንድ የስኬት መካሪ ጉሮሮው እስኪነቃ «ማይንድሴታችሁን ቀይሩ!» ይላል። ብዙ ባል ያን ዕለት ማታ የተሳሳተ ነገር እንዳይቀይር ፈርቼ ሬዲዮውን ዘጋሁ።

ጥፋቱ የነጋዴው አይደለም፣ የእንግሊዞቹ ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. በሃያ ጥራዝ የወጣው የኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሁለተኛ እትም «ሴት» ለሚለው ግስ ብቻ 430 ፍቺ ሰጥቶታል። መግለጫው ወደ 60,000 ቃላት ይፈጃል። ይህን ወግ ከራስ እስከ ግርጌ ሃያ ጊዜ ብታነቡት እዚያ አትደርሱም፤ ደግሞም አታድርጉት። ፀሐይ ስትጠልቅ ሴት ታደርጋለች፤ አጥንት ሲጠገን፣ ሰዓት ሲሞላ፣ ወጥመድ ሲጠመድ፣ እሳት ሲለኮስ፣ መርከብ ሲነሣ፣ ፈተና ሲወጣ፣ ማዕድ ሲሰናዳ ያው ቃል ነው የሚላከው። በእኛ ቤት ቢሆን «ይቺ ልጅ ትረፍ እንጂ፣ ሁሉን እሷ ላይ ጫናችሁ» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም ነበር።

በኋላ ላይ «ረን» የሚለው፣ መሮጥ ማለት ነው፣ ቀደማት። አዲሱን እትም ከሚያሰናዱት አንዱ፣ ፒተር ጊሊቨር፣ ይህን አንድ ግስ ተሸክሞ ዘጠኝ ወር ከቆየ በኋላ 645 ፍቺ አውጥቶለታል። ዘጠኝ ወር! መቼም ዘጠኝ ወር ተሸክሞ መቆየት የማን ሥራ እንደሆነ እናውቃለን። ሩጫው ሴትን ቀደማት ቢባልም የተገላገለው በሴት ወግ ነው።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። እንግሊዝኛው «ሴት» አንድ ቃል አይደለም። ግሱ የእነሱው የጥንት ቃል ነው፤ መነሻው ማስቀመጥ ነው። ሻይ ቤት፣ ወርቅ ቤት የምናገኘው፣ ስብስብ የሚባለው ሴት ግን ከላቲን ተነሥቶ በፈረንሳይ በኩል የመጣ እንግዳ ነው፤ ዘሩ «ተከታይ» ከሚል ቃል ነው፣ የሃይማኖት ክፍልፋዮች ከሚጠሩበት ስም ጋር ወንድማማች ነው። ሁለቱ ለንደን ላይ ተገናኙ፣ መልካቸው አንድ ሆነ፣ ሰው አምታታቸው፣ እነሱም ዝም ብለው አብረው መኖር ጀመሩ። እንግዲህ የቀዳማይ ወያነው ልጅ የሠራው ሥራ እንግሊዞች ቀድመው የሠሩት ነው። ልዩነቱ እነሱ ሃያ ጥራዝ ጻፉበት፤ እሱ አንድ ወረቀት።

ወደ ራሴ ጣጣ ልመለስ።

ያን ጊዜ ደሴ ላይ እጮኛ ነበረችኝ። እኔ ደግሞ ቦርጭ ነበረኝ። ሠርጉ ሳይደርስ ቦርጩ እንዲጠፋ ብዬ ገበያው አካባቢ ካለ አንድ ጂም ተመዘገብሁ። ጂም ውስጥ ሥራ የሚለካው በምን እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ደርሳችሁበታል። አሠልጣኙ ሰሌዳ ላይ «ደረት አራት ሴት፣ ትከሻ ሦስት ሴት» ብሎ ይጽፋል። ጎረምሶቹ ላባቸውን እየጠረጉ «ስንት ሴት ቀረህ?» ይባባላሉ። «ዛሬ ሁለተኛዋ ሴት ላይ አቃተኝ» የሚልም አለ፤ ማንም አይስቅበትም፤ ያጽናኑታል።

አንድ ማታ ብረቱን አስቀምጬ እያለከለክሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ። እጮኛዬ ናት።

«ምን ሆነህ ነው የምታለከልከው?»

«ሁለት ሴት ጨርሼ» አልኋት፣ ትንፋሼን እየሰበሰብሁ። «አንድ ሴት ቀርታኛለች። ስጨርስ ልደውልልሽ።»

ከዚያ የመጣውን ዝምታ የማውቀው እኔ ነኝ። በስተኋላዬ ደግሞ አሠልጣኙ፣ ድምፁ እንደ ደወል ነው፣ «ቶሎ በል እንጂ፣ ሴቷ እንዳትቀዘቅዝብህ!» ብሎ ጮኸ።

«ያዝኩህ» አለች እጮኛዬ። ስልኩም ተዘጋ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በእግረ መንገድ ልበል። እንግሊዝኛን በብዙ ፍቺው ስናማ የራሳችንን ጓዳ ረስተን ነው። «ያዝኩህ» ያለችው ልጅ የተናገረችው ቃል ምን ያህል እንደሚሠራ አስቡት። ፖሊስ ሌባ ይይዛል፣ ሌባም መንገድ ይይዛል። ብርድ ይይዛል፣ ፍቅር ይይዛል፣ ዝናብ መንገድ ላይ ይይዛል። ተማሪ ትምህርት ይይዛል፣ ሠራተኛ ቀጠሮ ይይዛል፣ የተቀየመ ቂም ይይዛል። ጀሪካን ሃያ ሊትር ይይዛል። ሙጫ ይይዛል፤ ካልያዘ ባለሱቁ ጉድ ይፈላበታል። እኔ ከዚያ ማታ በኋላ ስደውልላት ደግሞ ስልኳ ሦስት ቀን ሙሉ ተይዞ ነበር። ይህን ሁሉ አንድ ቃል ተሸክሞልን ሳለ በመዝገበ ቃላት ብዛት አንኩራራም፤ ትሕትናችን ነው ብዬ ልለፈው።

በአራተኛው ቀን ታላቅ እኅቴ በጉዳዩ ገባች። መልእክት ሲደርሳት ግማሹ ተጨምሮበት ነበር፤ «መቀሌ ላይ ሦስት ሴት ይዟል» ተብሏል። መጀመሪያ ለእኔ ደወለች፤ የእኔ ስልክ ባትሪ ዘግቷል። ከዚያ ለአከራዬ ደወለች። አከራዬን «አደይ» ነው የምላቸው፣ እናቴ ማለት ነው፤ አማርኛ ይሰማሉ፣ ሲናገሩ ግን ጨው እንደሚበተንበት ወጥ ትግርኛ ይበተንበታል፤ ስልክ ሲይዙ ደግሞ አማርኛው ጭራሽ ይጠፋቸዋል። ንግግሩን አጠገባቸው ሆኜ ብሰማ ኖሮ እገላግላቸው ነበር፤ እኔ ግን ጓሮ ልብስ አጥባለሁ። በኋላ ከሁለቱም ወገን አሰባስቤ የደረስሁበት ይህን ይመስላል።

«አሎ!» አለች እኅቴ።

በትግርኛ «ኣሎ» ማለት «አለ» ማለት ነው። አደይ «ልጁ አለ ወይ?» የተባሉ መሰላቸው። «ኣሎ» አሉ።

«አሎ! አሎ!»

«ኣሎ ኣሎ» አሉ አደይ፣ የሴትዮዋ አለማመን እየገረማቸው። «ገዛ ኣሎ።»

«ገዛ» በትግርኛ ቤት ነው። ቤት ነው ያለው ማለታቸው ነው። እኅቴ ግን በአማርኛ ሰማችው።

«ገዛ? ምን ገዛ?»

«ገዛ!»

«እኮ ምን?»

«ገዛ እኮ ነው የምልሽ ጓለይ!»

እኅቴ ስልኩን ዘግታ ለዘመድ ወዳጅ ያወራችው ይህ ነው፤ ልጁ የሆነ ነገር ገዝቷል፣ ምን እንደሆነ ግን አከራዩ ሊነግሩኝ አልፈለጉም። አንዲት አክስታችን አሰብ አደረጉና «ቤት ሳይሆን አይቀርም» አሉ። በግምት ከተደረጉ ትርጉሞች ሁሉ እንደዚህ ልክ የመጣ አላውቅም። «ቤት ገዝቶ ነዋ ሴት የሚያስገባው!» ተባለ።

በማግሥቱ እኅቴ አውቶቡስ ተሳፈረች። ወልድያን፣ አላማጣን፣ ማይጨውን አልፋ፣ ዓይኗ ቀልቶ መቀሌ ገባች። እኔ ሥራ ላይ ስለነበርሁ በባጃጅ አድራሻ ጠይቃ ቤት የደረሰችው ብቻዋን ነው። አደይ በደስታ ተቀበሏት። እንግዳ መጥቶ ቡና ሳይፈላ መቆየቱ ለእሳቸው ነውር ነውና፣ ገና ከበሩ ሳትገባ «ሕጂ! ሕጂ!» እያሉ ወደ ማጀት ሮጡ።

«ሕጂ» በትግርኛ «አሁን» ነው። አሁን ቡና አፈላለሁ ማለታቸው ነው። እኅቴ ከዚያ ሁሉ መንገድ በኋላ የሰማችው የመጀመሪያ ቃል «ሂጂ» ሆነ፣ ያውም ሁለት ጊዜ። ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

አደይ ጀበናውን ይዘው ሲመለሱ እንግዳ የለም። በሩ ላይ ወጥተው «ንዒ ጓለይ! ሕጂ እኮ ነው! ሕጂ!» እያሉ ተከተሏት። እሷ በጠሯት ቁጥር ትፈጥናለች። ገበያው አፍ ላይ ነው የደረሱባት፤ እኔም ከሥራ ስወጣ ያገኘኋቸው እዚያው ነው። አንዷ ጀበና ይዛ፣ አንዷ ቦርሳ ይዛ፣ ሁለቱም በየቋንቋቸው እየተቀያየሙ፤ የቆሙት ደግሞ ከዚያች ልብስ ቤት ፊት ለፊት። እኅቴ ቀና ስትል ወረቀቱ ፊቷ ላይ ነው። «የወንድ ሴት ገብቷል።»

ቀስ ብላ ዞራ አየችኝ። «እንዲህ በግልጽ ነው እንዴ?» አለች።

ለማስረዳት አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ጂም ድረስ ወስጄ ሰሌዳውን አሳየኋት። አሠልጣኙ ራሱ በክብር «እኅቴ፣ ሴት ማለት አሥር ጊዜ ማንሣት ነው» ብሎ ሊያግዘኝ ሞከረ፤ ነገሩን አባሰው እንጂ። በመጨረሻ ገባት። እዚያው ሆና ለእጮኛዬ ደወለች። «ሴት የሚሉት ብረት ነው አሉ» አለቻት። በሌላው ጫፍ ያለችው ምን እንዳለች የሰማሁት ስፒከሩ ክፍት ስለነበረ ነው። «አሁን ደግሞ ብረት ናቸው መባል ጀመረ?» ነው ያለችው።

ማታ ቤት ስንገባ የአደይ የመጨረሻ ልጅ ታጠናለች። ዘጠነኛ ክፍል ናት። እስከ ስምንተኛ በትግርኛ ተምራ ዘንድሮ ወደ እንግሊዝኛ የተሻገረችበት ዓመት ነውና ጮክ ብላ ካላነበበች አይገባትም። «ኢምፕቲ ሴት» ትላለች። «ዩኒቨርሳል ሴት።» እኅቴ ጋቢዋን ሰብሰብ አደረገች። «ኢምፕቲ ሴት ኢዝ ኤ ሰብሴት ኦፍ ኤቭሪ ሴት።»

«ይኼ ቤት ሴት ሳይጠራ አያድርም ማለት ነው?» አለችኝ።

ትምህርቱ የስብስቦች ትምህርት ነው፤ ጀርመናዊው ጊዮርግ ካንቶር ከ1874 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያነጸው። ምስኪኑ ካንቶር በቋንቋው «ሜንጌ» ነበር የሚለው፤ ብዛት እንደማለት ነው። በዚያው ቢቀር ኖሮ ስንት ክፍል ውስጥ ስንት ሳቅ በቀረ ነበር። አማርኛ የሚሰማ ልጅ ባለበት ክፍል ሁሉ አስተማሪው «ባዶ ሴት» ሲል የኋላ ወንበር አንድ ጊዜ ሳይስቅ የሚያልፍ ዓመት የለም። የአደይ ልጅ ግን ፍንክች አላለችም። እኔ ነኝ ድንገት የነቃሁት። «ሰብ» በትግርኛ ሰው ነው። «ሴት» በአማርኛ ያው ሴት ናት። ሁለቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ መጽሐፍ ውስጥ ተገናኝተው «ሰብሴት» ሆነዋል። ለልጅቷ ይህን ብነግራት «ጋሼ፣ ሰኞ እኮ ፈተና አለኝ» አለችኝ።

እርቁ የወረደው በማግሥቱ በእሑድ ቡና ላይ ነው። አደይ ሕምባሻ ደፍተዋል። ጎረቤት ተጠርቷል፤ ከጎረቤትም አንድ አረጋዊ ቄስ አሉ፣ ሁሉም «አቦይ ቀሺ» የሚሏቸው። አወሉ ተጠጥቶ ካልኣዩ ሲቀዳ እኅቴ የጉዞዋን ታሪክ አንሥታ ቤቱን በሳቅ አፈረሰችው። አደይ «ሕጂ» ባሉ ቁጥር እንደመነሣት ትላለች። የወረቀቱ ነገር ሲደርስ ግን አቦይ ቀሺ አልሳቁም። ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«ልጁ ምን ስሕተት አለበት?» አሉ።

«አቦይ ቀሺ፣ የወንድ ሴት ይላል እኮ!»

«ታዲያ? አዳም ቃየልንና አቤልን ወለደ። አቤል ከሞተ በኋላ የወለደው ማንን ነው?»

ዝም ተባለ። ሁላችንም የምናውቀው፣ ማናችንም ያላሰብነው ስም ነው። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ አራት ላይ፣ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ፣ የአዳም ሦስተኛ ልጅ ስሙ ሴት ነው። ወንድ ነው። ኄኖስን የወለደ፣ ኖኅ ከዘሩ የወረደ።

«እንግዲህ ሁላችሁም የወንድ ሴት ልጆች ናችሁ» አሉና ሲኒያቸውን መልሰው አነሡ።

እኔ ኋላ ላይ እንዳነበብሁት ያ ስም በዕብራይስጥ «አኖረ፣ አስቀመጠ» ከሚል ግስ ጋር ይያያዛል፤ ሔዋን በአቤል ቦታ ሌላ ልጅ ስለተተካላት ነው እንዲህ ያለችው። የእንግሊዝኛው ግስ መነሻም ማስቀመጥ እንደሆነ ቅድም ብያለሁ። በዝምድና አይደለም፤ መንገድ ላይ የተገጣጠመ መልክ ነው። ግን ያን ዕለት አቦይ ቀሺ ፊት ይህን ባውቅ ኖሮ በረካው ሳይጠጣ ባልተነሣሁ ነበር።

ሰኞ ለምሳ ስወጣ ወደ ልብስ ቤቱ ጎራ አልሁና ጉዱን ለልጁ አስረዳሁት። «ሴት» በአማርኛ ምን እንደሆነ ያውቅ ነበር፤ አንድ ላይ አገናኝቶት አያውቅም እንጂ። መጀመሪያ ፊቱ ቀላ፣ ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ ከዚያ ደነገጠ። «ሁለት ወር ሙሉ እንደዚህ ተለጥፎ?» ወረቀቱን ገነጠለና በአዲስ «የወንድ ሙሉ ቱታ አለ» ብሎ ጻፈ፤ በአንድ ቀለም፣ በጥሩ ፊደል።

በሳምንቱ ባልዲዬን ልገዛ ሳልፍ የድሮው ወረቀት ተመልሶ ተለጥፏል፣ የተቀደደበት በፕላስተር ተያይዞ።

«ምነው?» አልሁት።

«በአዲሱ ማንም አልቆመም ሓወይ» አለ። «በዚህኛው አንባቢው ሁሉ ይቆማል። ይስቃል። ሲስቅ ይገባል። ሲገባ ደግሞ…» ብሎ ባዶውን መደርደሪያ አሳየኝ። አንድ ላስቲክ ብቻ ቀርታለች።

ገዛኋት፤ በትግርኛው ሳይሆን በአማርኛው። ስወጣ ልጁ በአዲስ ቀይ እስክሪብቶ ከነባሩ ሥር ሌላ መስመር እየጨመረ ነበር። ተጠንቅቆ፣ ምላሱን በከንፈሩ ይዞ፣ ፊደል በፊደል፤ «የሴት ሴትም ገብታለች።»

«ሰዋስውን አስተካከልኩት» አለኝ።